የመስኖ ውሃችሁን በፌጦ ፈትኑት

በአቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት የሚያለማ ሰው ውሃው ችግር እንዳለበት ለመስማት እኛን አይጠብቅም። ሽታውን ያውቀዋል። ቀለሙ በየትኛው ሰዓት እንደሚለወጥም ያውቃል። የሚያስጨንቀው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህ ውሃ ችግኙን ይጎዳዋል? ከጎዳውስ ምን ያህል? በላብራቶሪ ማስመርመር ገንዘብ ይፈልጋል። የመጀመሪያውን መልስ ግን ቤት ውስጥ፣ በሦስት ቀን፣ ጓዳ ውስጥ ባለ ዘር ማግኘት ይቻላል። ዘሩ ፌጦ ነው።

ነገሩ የአምራቹ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ትንሹ አቃቂ ከአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ ተነስቶ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል ወደ ቃሊቲ ይወርዳል። ትልቁ አቃቂ ቀበናን የመሳሰሉ ገባሮችን ይዞ በምሥራቅ በኩል ይመጣል። ሁለቱም አባ ሳሙኤል ግድብ ይገቡና ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በመንገዳቸው የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የፋብሪካ ዝቃጭ፣ የጋራዥ ዘይት ይቀላቀላቸዋል። በዚሁ ውሃ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይለማል። የሚበላው ደግሞ እኛው ነን።

ለምን ፌጦ?

ፌጦ ቶሎ ይበቅላል። እርጥበት ካገኘ በአንድ ቀን ውስጥ ሥሩ ብቅ ይላል። በዓለም ዙሪያ የውሃና የብስባሽ ማዳበሪያ መርዛማነት የሚፈተንበት ዘርም ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ቅመም ተራ አይጠፋም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምወድለት አንድ ባሕርይ አለው። ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ ዝልግልግ ነገር ያወጣና ካስቀመጡት ቦታ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ዕቃውን ዘንበል አድርጎ ማቆም ይቻላል። ዘሩ አይወድቅም፣ ሥሩም ሳይጠማዘዝ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ያድጋል። በማስመሪያ ለመለካት ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

ፌጦ ስትገዙ ያልተፈጨ፣ ያልታመሰና ብዙ ያልቆየ መሆኑን ጠይቁ። ፈተናውን ከመጀመራችሁ በፊት 10 ፍሬ በንጹሕ ውሃ ላይ ሞክሩ። ከ10 ዘጠኙ ካልበቀለ ሌላ ፌጦ ፈልጉ።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ

ክዳን ያለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ 15 ትንንሽ የምግብ መያዣ ፕላስቲክ ያዙ። ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ከፋርማሲ የ5 ወይም የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙ። ማስመሪያ፣ ማርከር፣ ጓንት፣ ደብተር፣ ጥቂት ባዶ ሃይላንድ ጨምሩ።

ከዘሩ ሥር የሚነጠፈው ነገር ትንሽ ሐሳብ ይፈልጋል። ሶፍት አይሆንም። ሥሩ ሰርስሮ ይገባና ስትለኩ አብሮ ይቀደዳል። ወፍራም የወጥ ቤት ወረቀት ደህና ነው። እኔ የማስቀድመው ነጭ አቡጀዲ ነው። አዲስ አቡጀዲ ግን ስታርች አለበት። ያለ ሳሙና ሁለት ጊዜ ቀቅላችሁ፣ በደንብ አለቅልቃችሁ፣ አድርቃችሁ በፕላስቲኩ ልክ ቁረጡት። ሳሙና ከቀረበት የምትፈትኑት ወንዙን ሳይሆን ሳሙናውን ይሆናል።

ለዚህ ሥራ የዋለ ዕቃ ወደ ምግብ አይመለስም። ዕቃው ላይ ጽፋችሁ ለብቻ አስቀምጡት።

ውሃውን መቅዳት

ከመቅዳት በፊት መጠየቅ ይቀድማል። ማሳው የሌላ ሰው ከሆነ ማስፈቀድ ግድ ነው፤ ከፈቃዱ ጋር ደግሞ ትልቅ ዕውቀት ይገኛል። ‹‹ጋሼ፣ ውሃው የሚከፋው መቼ መቼ ነው?›› ብላችሁ ጠይቁ። ለዓመታት ያጠጣ ሰው አረፋ የሚበዛበትን ቀን፣ ሽታ የሚመጣበትን ሰዓት፣ ችግኝ የተቃጠለበትን መደብ አንድ በአንድ ይነግራችኋል። ፍሳሽ ቀኑን ሙሉ እኩል አይለቀቅም። በተሳሳተ ሰዓት የተቀዳ ውሃ ንጹሕ መስሎ ሊያታልል ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ ጠዋትና ማታ ቅዱ፣ ለየብቻም ፈትኑ።

ወቅቱም ለውጥ ያመጣል። ክረምት ላይ ዝናቡ ወንዙን ያቀጥነዋል። መስኖ የሚበረታውና ወንዙ የሚቀንሰው በበጋ፣ በተለይ ከጥር ጀምሮ ነው። ዋናውን ፈተና ያኔ አድርጉት።

ጓንትና ቦት ጫማ አድርጉ። ውሃውን ሞተሩ ከሚስብበት ወይም ቦዩ መደቡን ከሚገባበት ቦታ ውሰዱ። ዳር ላይ ከተኛው ሳይሆን ከሚፈሰው ቅዱ። ሃይላንዱን በራሱ በወንዙ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፣ የተለቀለቀበትንም ከታች በኩል ድፉ። ከዚያ አየር ሳይተርፍ እስከ አፉ ሙሉት። ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የውሃውን ቀለምና ሽታ እዚያው ጻፉ። ቤት እስክትደርሱ ፀሐይ አይምታው። ፈተናውን በዚያው ቀን ጀምሩ። የቆሻሻ ውሃ ጠባይ ሲቆይ ይለወጣል።

ውሃውን አታፍሉት። በረኪና አትጨምሩበት። ዝቃጩ ግማሽ ሰዓት ይርጋ፣ ከላይ ያለውን ተጠቀሙ።

ማነጻጸሪያውና ቅልቅሉ

ብዙ ሰው ፈተናውን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። በወንዝ ውሃ የበቀለ ፌጦ ብቻውን ምንም አይናገርም። አጠገቡ በንጹሕ ውሃ የበቀለ መኖር አለበት። ንጹሑ ውሃ የዝናብ ወይም የቧንቧ ሊሆን ይችላል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ውስጥ ክፍቱን አንድ ቀን ያሳድሩት።

አምስት ዓይነት ውሃ አዘጋጁ። አንደኛው ንጹሑ ነው። ሁለተኛው ያልተቀላቀለ የወንዝ ውሃ። ሦስተኛው ግማሽ ወንዝ፣ ግማሽ ንጹሕ። አራተኛው አንድ እጅ ወንዝ፣ ሦስት እጅ ንጹሕ። አምስተኛው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ የምግብ ጨው የሟሟበት ነው።

ጨዉ ለምን? ዘሩ ጉዳትን እንደሚያሳይ ለማረጋገጥ ነው። በጨው ውሃ የበቀለው ሥር ከንጹሑ በግልጽ ማጠር አለበት። ካላጠረ ዘሩ ወይም አሠራራችሁ ላይ ችግር አለ ማለት ነው። ያኔ ወንዙ ላይ መፍረድ አይቻልም።

አሁን አንድ ሰው እርዳታ ያድርግላችሁ። አምስቱን ውሃዎች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ ብሎ ይሰይም። የቱ ፊደል የቱ ውሃ እንደሆነ ወረቀት ላይ ጽፎ ይደብቅ። የምትለኩት እናንተ ናችሁና የቱ የወንዝ እንደሆነ ካወቃችሁ ዓይናችሁ ሳይታወቃችሁ ያደላል። ሥሩ 31 ይሁን 33 ሚሊ ሜትር በሚያጠራጥር ጊዜ የወንዙን ወደ ታች፣ የንጹሑን ወደ ላይ ትጽፋላችሁ። ይህ ሰውን ሁሉ ያጋጥማል።

ዘሩን ማስቀመጥ

ለእያንዳንዱ ውሃ ሦስት ፕላስቲክ መድቡ። ጨርቁን አንጥፉ። በሲሪንጅ ውሃውን አጠጡ። ለትንሽ ፕላስቲክ 5 ሚሊ ሊትር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ጨርቁ በሙሉ ይራስ እንጂ ውሃው አይተኛበት። በ15ቱም ላይ መጠኑ እኩል መሆን አለበት። ሲሪንጁን ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ስትሸጋገሩ አለቅልቁት።

10 ፍሬ ፌጦ ከላይኛው ጠርዝ ሁለት ጣት ዝቅ ብላችሁ በአንድ መስመር ደርድሩ። የተሰበረና የቀጨጨ ፍሬ አትቀላቅሉ። እንዲለጠፍ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ክደኑት። ከዚያ ሁሉንም ዘንበል አድርጋችሁ ጨለማ ቦታ ላይ አቁሙ። ባዶ ካርቶን ይሆናል።

ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የአዲስ አበባ ዳርቻ ሌሊት ይበርዳል። ካርቶኑን ከመስኮት አርቃችሁ ወጥ ቤት ውስጥ አስቀምጡት፣ ምድጃ አጠገብ ግን አታድርጉት። በቀን አንድ ጊዜ የፕላስቲኮቹን ቦታ አቀያይሩ። የደረቀ ካለ ለሁሉም እኩል 1 ሚሊ ሊትር ጨምሩ።

በሦስተኛው ቀን

ከ72 ሰዓት በኋላ ክፈቱ። በጣም ከበረደ የንጹሑ ሥር 3 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ አንድ ቀን ጠብቁ። ያኔ ግን ሁሉንም በአንድ ሰዓት ለኩ።

ከመለካታችሁ በፊት ዝም ብላችሁ እዩት። ጤነኛ የፌጦ ሥር ነጭ ነው። ቀጥ ብሎ ወርዷል። ከጫፉ ትንሽ ከፍ ብሎ እንደ ጥጥ ብናኝ የሚመስል ጭጋግ ይከበዋል፤ ውሃ የሚጠጣበት ፀጉሩ ነው። የተጎዳው ሥር አጭርና ወፍራም ይሆናል። ጫፉ ቡናማ ይሆናል፣ ጭጋጉ ይሳሳል ወይም ጨርሶ አይኖርም። አንዳንዱ መንገዱ እንደጠፋበት ወደ ጎን ይታጠፋል። ይህንን ከቁጥሩ ጎን ጻፉት፤ በስልካችሁም ማስመሪያውን አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት።

ከዚያ ቁጠሩ። ሥሩ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር የወጣ ፍሬ ‹‹በቅሏል›› ይባላል። የበቀለውን ሁሉ ሥር አንድ በአንድ በሚሊ ሜትር ለኩ። ግንዱንና ቅጠሉን አትቁጠሩ። ሥሩና ግንዱ የሚገናኙበት ቦታ ቀለሙ ይለወጣል፣ ትንሽም ወፈር ይላል። ማስመሪያውን ከዚያ ጀምሩ።

ዋናው ምክሬ እዚህ ላይ ነው፦ መብቀሉን አትመኑ፣ ሥሩን እመኑ። ዘር ስንቁን ይዞ ነው የሚመጣው። በመጥፎ ውሃም ቢሆን ስንቁን በልቶ ይበቅላል። ውሃውን በቀጥታ የሚጋፈጠው ሥሩ ነው። መቶ በመቶ የበቀለ፣ ሥሩ ግን በግማሽ ያጠረ ፌጦ ማየት የተለመደ ነው። ‹‹በቅሏል እኮ!›› ብሎ ደስ የሚለው ሰው የተታለለው እዚህ ጋ ነው።

ስሌቱ

አሁን የተደበቀው ወረቀት ይውጣ። ለእያንዳንዱ ውሃ የሦስቱን ፕላስቲክ ውጤት አንድ ላይ ደምሩ። ለምሳሌ በንጹሑ ውሃ ከ30 ፍሬ 28ቱ በቀሉ፣ አማካይ ሥራቸው 40 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። ባልተቀላቀለው የወንዝ ውሃ 24 በቀሉ፣ አማካዩ 22 ሚሊ ሜትር ሆነ።

24ን ለ28 ስታካፍሉ 0.86 ይመጣል። 22ን ለ40 ስታካፍሉ 0.55። ሁለቱን አባዙና በ100 አባዙት፣ 47 ይሆናል። የወንዙ ውሃ ነጥብ ይህ ነው። የንጹሑ ውሃ ነጥብ ሁልጊዜ 100 ነው።

በተለምዶ ከ80 በላይ የሆነ ነጥብ ለቡቃያው የጎላ ጉዳት እንደሌለ ያሳያል። ከ50 እስከ 80 መካከለኛ ጉዳት ነው። ከ50 በታች ከባድ ነው። ከ100 በላይ ከወጣ ውሃው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ቡቃያውን አፋፍቶታል ማለት ሊሆን ይችላል።

ቅልቅሉን ደግሞ እዩ። ያልተቀላቀለው 47፣ ግማሽ በግማሹ 82 ከሆነ ችግሩ በማቅጠን የሚቀል ነው። የጉድጓድ ውሃ ያለው አምራች ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል። በሩቡም ላይ ነጥቡ ካልተነሳ ግን ውሃው በጣም የከፋ ነው።

ሁለት ነገር ሳይሟላ ውጤቱን አትቀበሉ። በንጹሑ ውሃ ከ30 ቢያንስ 27ቱ መብቀል አለባቸው። የጨዉ ሥር በግልጽ ማጠር አለበት። የአንድ ውሃ ሦስት ፕላስቲኮች በጣም ከተለያዩም ድገሙት።

ፈተናው የማይነግራችሁ

ይህን ክፍል ዘላችሁ እንዳታልፉ እለምናችኋለሁ። ፌጦው የሚናገረው ስለ ቡቃያው ጤና ነው። ስለሚበላው ሰው ጤና አይናገርም።

የሰው ዓይነ ምድር የተቀላቀለበት ውሃ ለተክል ማዳበሪያ ነው። ጎመኑ ይፋፋል፣ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ገበያ ላይ ዓይን ይስባል። በላዩ ላይ ያለው ጀርምና የወስፋት እንቁላል ተክሉን ምንም አይለውም፣ ሰውን ግን ይጥላል። ከባድ ብረቶችም እንዲሁ ናቸው። ቆዳ ፋብሪካ ክሮምየም ይጠቀማል፣ ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ ይወጣል። ካድሚየም ችግኙን ሳያደክም ቅጠሉ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። እንደ ሰላጣና ቆስጣ ያሉ ቅጠላቅጠሎች በአብዛኛው ከቲማቲምና ከቃሪያ የበለጠ ያከማቻሉ። ጀርም በደንብ በመቀቀል ይሞታል። ቅጠሉ ውስጥ የገባ ብረት ግን በማጠብም በመቀቀልም አይወጣም። ስለዚህ 95 ነጥብ ያመጣ ውሃ ‹‹ንጹሕ ነው›› ብላችሁ ለማንም አትንገሩ።

ነጥቡ ዝቅ ካለ ግን ቢያንስ አንዱን ምክንያት ራሳችሁ ማጣራት ትችላላችሁ፤ ጨውነትን። እንደ እስክሪብቶ የሆነ የጨውነት መለኪያ ከተገኘ ውሃው ውስጥ ንከሩት። በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት መመሪያ በሴንቲ ሜትር ከ700 ማይክሮሲመንስ በታች ችግር የለውም፣ ከ3000 በላይ ከባድ ነው። ካሮትና ሽንኩርት ለጨው ስስ ናቸው። ሰላጣ ይከተላል። ጥቅል ጎመን ትንሽ ይሻላል። ቀይ ሥር ከሁሉም ይችላል። ጨውነቱ ዝቅ ብሎ የፌጦው ነጥብ ከወደቀ ጥፋተኛው ሌላ ነገር ነው።

ከፌጦ ወደ ጎመን

ፌጦው ማስጠንቀቂያ ከሰጠ በሚዘራው ሰብል ላይ መድገም ይገባል። ጎመን ቀላል ነው። ሰላጣ ብርሃን ስለሚወድ ጨለማ ውስጥ አታስቀምጡት። ቆስጣና ቀይ ሥር ላይ ተጠንቀቁ፤ አንድ ፍሬ የሚመስለው ብዙ ዘር የያዘ ስለሆነ ሁለት ሦስት ቡቃያ ያወጣል፣ ቆጠራውን ያምታታል። በቀለም የተነከረ የፓኬት ዘር የፈንገስ መድኃኒት ስላለበት ለፈተና አይሆንም።

ከዚያ ሦስት ሳምንት የሚፈጅ የአፈር ፈተና አለ። ለዓመታት በወንዙ ውሃ የጠጣ መደብ ራሱ መርዝ አጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ውሃውን ብትቀይሩም ችግኙ ላይሻለው ይችላል ማለት ነው። ይህንን ለመለየት ሁለት አፈር ውሰዱ፤ አንዱ ከመደቡ፣ ሌላው መስኖ ደርሶት ከማያውቅ አጠገቡ ካለ መሬት። በአቃቂ ዙሪያ ያለው መረሬ አፈር ውሃ ይይዛል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ሁለቱንም በእኩል አሸዋ አቅጥኑ። ግማሹ የተቆረጠ፣ ታቹ የተበሳ ሃይላንድ ውስጥ ሙሉ፤ ማሰሯችሁ ይህ ነው።

ከእያንዳንዱ አፈር ግማሹን ማሰሮ በንጹሕ ውሃ፣ ግማሹን በወንዙ ውሃ አጠጡ። አራት ዓይነት ማሰሮ ይኖራችኋል። ከእያንዳንዱ አምስት ካደረጋችሁ ይበቃል። በእያንዳንዱ ማሰሮ ሦስት የጎመን ፍሬ ዝሩና ሲበቅል አንዱን ጠንካራ አስቀሩ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ከአፈሩ ልክ ቆርጣችሁ መዝኑ። መስኖ ባልደረሰው አፈር በወንዝ ውሃ የጠጣው ብቻ ከቀነሰ ጥፋቱ የውሃው ነው። በመደቡ አፈር ንጹሕ ውሃ የጠጣውም ከቀነሰ አፈሩም ተነክቷል። የቅጠሉን ጠርዝ እዩ። እንደተለበለበ ከደረቀ ጨውን ጠርጥሩ። በጅማቶቹ መካከል ቢጫ ከሆነ ከባድ ብረትም አንዱ ተጠርጣሪ ነው።

ላብራቶሪና ማሳ

ወደ ላብራቶሪ ስትሄዱ ‹‹ውሃውን መርምሩልኝ›› አትበሉ፤ ሒሳቡ ይንራል። የምትፈልጉትን ለይታችሁ ጠይቁ። ለብረት ክሮምየም፣ ካድሚየምና እርሳስ። ለጀርም የዓይነ ምድር ኮሊፎርም፤ ውሃው ውስጥ ዓይነ ምድር መግባቱን የሚያሳይ ባክቴሪያ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ለመስኖ ውሃ የሚመክረው ጣሪያ ለክሮምየም በሊትር 0.1 ሚሊ ግራም፣ ለካድሚየም 0.01 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ጥሬውን ለሚበላ አትክልት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ከ1000 ኮሊፎርም እንዳይበልጥ ይል ነበር። ለጀርም ምርመራ ሃይላንድ አይሆንም፤ ከላብራቶሪው የጸዳ ጠርሙስ ተቀብላችሁ፣ በበረዶ ይዛችሁ፣ በዚያው ቀን አድርሱ። የፌጦውን ፎቶና ደብተራችሁን ለወረዳው ግብርና ባለሙያና ለከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን አሳዩ። ቀንና ሰዓት ያለው ማስረጃ ‹‹ይሸታል›› ከሚል አቤቱታ ይበልጥ ይሰማል።

የተረፈውን የወንዝ ውሃ መጸዳጃ ቤት ድፉት እንጂ ጓሮ አታፍስሱት። የበቀለውን ፌጦ አትብሉት፣ ለዶሮም አትስጡት።

አምራቹ ውጤቱን ሰምቶ ‹‹ታዲያ ምን ላድርግ?›› ማለቱ አይቀርም። መሬቱን ጥሎ ይሂድ ማለት መልስ አይሆንም። ዘንድሮ ሊያደርገው የሚችለው አለ። ችግኝ በጣም የሚጎዳው ገና ሥር ሳይሰድ ስለሆነ ችግኝ ማፍያው ላይ እያለ በዝናብ ወይም በጉድጓድ ውሃ ያሳድገው። ያን ያህል ውሃ በጀሪካንም ይገኛል። ጀርም ከተገኘ ጥሬውን የሚበላ ሰላጣ ትቶ ተቀቅሎ ወደሚበላ ይዙር። ውሃውን ቅጠል ላይ ከመርጨት በቦይ ወደ ሥሩ ይልቀቅ። ምርት ከመሰብሰቡ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ማጠጣት ያቁም፤ ፀሐይና ድርቀት ቅጠሉ ላይ ያለውን ጀርም ይቀንሱታል። ላብራቶሪው ብረት በብዛት ካገኘ ግን እነዚህ ዘዴዎች አይበቁም። እዚያ መደብ ላይ ቅጠላቅጠል መዝራት ማቆም፣ በምትኩ ለምግብ የማይሆን እንደ አበባና የዛፍ ችግኝ ያለ ነገር ማልማት ይሻላል።